በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚደርስ እርዳታ፦ የሴፍቲኔት ጉዳይ

ድህነት ከምን ይመጣል ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ሰው የተዘጋጀ መልስ አለው፣ አንዱ ስንፍና ነው ይላል፣ አንዱ ድርቅ፣ አንዱ መንግስት፣ አንዱ ደግሞ የህዝብ ብዛት። ሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ ግን እንዲህ በጅምላ ሲወራ ምን ይደረግ ወደሚለው አያደርስም። ስለዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ ከስሩ ላየው ነው፣ እሱም ገጠር ያደገ ሁሉ በስሙ የሚያውቀው ሴፍቲኔት ነው፣ በመንግስት ቋንቋ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የሚባለው፣ በየዓመቱ ምግብ ለሚያጥረው ድሃ ቤት ብር ወይም እህል የሚሰጠው። ይሄን የመረጥኩት ፕሮግራሙ ፍጹም ስለሆነ አይደለም፣ ጉድለቱን ከታች እዘረዝረዋለሁ። የመረጥኩት ድሃ ቤት ከምኑ ላይ እንደሚሰበር በደንብ ያሳያል ብዬ ስለማምን ነው።

መጀመሪያ ከሱ በፊት የነበረውን እንይ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ አገሪቱ የለመደችው አሰራር በየዓመቱ እርዳታ መለመን ነበር። ከ1986 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት በአማካይ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን አካባቢ ሰው የእህል እርዳታ ይፈልግ ነበር፣ ዝናቡ ጥሩ የሆነባቸው ዓመታት ላይም ጭምር። ይሄ ነጥብ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ፣ ዝናብ ዘንቦ ምርት ጥሩ ሆኖ ሳለ ሚሊዮኖች ስንዴ ይጠብቃሉ ማለት ችግሩ ያን ዓመት የጀመረ አይደለም ማለት ነው። ከዛ የ1995ቱ ድርቅ መጣ፣ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ተረጂ ሆነ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስም ይሄ ከ77ቱ የባሰ ሊሆን ይችላል ብለው ለዓለም ሲናገሩ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እህሉ ደርሶ አብዛኛው ሰው ከሞት ተረፈ፣ እውነት ነው ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ከሞት የተረፈው ሰው ከበፊቱ የባሰ ድሃ ሆኖ ነው የተረፈው።

ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ቤት እንውሰድ፣ እንዲህ ያለ ቤት ስፍር ቁጥር ስለሌለው ስም አያስፈልገውም። ሰሜን ወሎ ደጋ ላይ፣ በሉ መቄት ወይ ደላንታ በኩል፣ ባልና ሚስት ሶስት ልጅ። መሬታቸው ሶስት ጥማድ ነው፣ አንድ ሄክታር አይሞላም፣ ከዛም ውስጥ አንዱ ጥማድ ተዳፋት ላይ ሆኖ አፈሩ ታጥቦ ድንጋይ ብቻ የቀረ ነው። በሬ አንድ ነው ያላቸው ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው የሚያርሱት፣ ዛሬ ያንተን ነገ የኔን። ሌላው አራት አምስት በግና ዶሮ ነው። ደህና ዓመት ከሆነ ገብሱና ባቄላው እስከ ሚያዝያ ቢበዛ እስከ ግንቦት ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ ያለውን ክረምት በግ እየሸጡ፣ የቀን ስራ እየሰሩ፣ ከዘመድ እየተበደሩ መስከረምን ይይዛሉ። ልብ በሉ ይሄ ደህናው ዓመት ነው።

አሁን በልጉ ይቅር ወይ ክረምቱ ነሐሴ ላይ ድንገት ይቁረጥ። መጀመሪያ የሚቀነሰው ምግብ ነው፣ ሶስቴ የነበረው ሁለቴ፣ ሁለቴ የነበረው አንዴ፣ እናትየዋ ደግሞ በልቻለሁ እያለች ለልጆቹ ትተዋለች። ቀጥሎ በጉ ይወጣል። ገበያ ሲደረስ ግን አገሩ ሁሉ በግ ይዞ ወጥቷል ምክንያቱም የሁሉም ቤት የተመታው በአንድ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ የበጉ ዋጋ ወርዶ የእህሉ ዋጋ በዛው ቀን እዛው ገበያ ላይ ሰማይ ነክቷል። ድሮ አንድ በግ የሚያመጣው እህል አሁን በሁለትም በሶስትም አይመጣም። በጎቹ ሲያልቁ በሬው ይቀራል፣ ሰውየው በሬውን ላለመሸጥ የማያደርገው ነገር የለም፣ አራጣ ይበደራል፣ ባህር ዛፉን ያስቆርጣል፣ የጣራውን ቆርቆሮ ነቅሎ የሚሸጥም አለ። መጨረሻ ላይ ግን ድርቆሹ አልቆ በሬው ራሱ አጥንቱ ወጥቶ ሊሞት ሲል ቄራ የሚያቀርብ ነጋዴ በሰጠው ዋጋ ይወስደዋል።

በቀጣዩ ዓመት ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይዘንባል። ሬዲዮው ጥሩ የምርት ዘመን ይላል። ያ ቤት ግን በሬ የለውም፣ መቀናጆ ለመግባትም አንድ በሬ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፣ ማለት በሬ ያለው ሰው አርሶ ዘርቶ ምርቱን እኩል ይካፈላል። በሙሉ ምርት እስከ ግንቦት የማይደርስ ቤት በግማሹ ጥርን አያልፍም። ትልቁ ልጅ ለሰው እረኛ ሆኖ ይቀጠራል ትምህርቱም እዛው ላይ ይቆማል፣ አባትየው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ይወርዳል፣ ትንሽ ከፍ ያለች ልጅ ካለች ደላላ መጥቶ አረብ አገር ይላል። ድርቁ አንድ ወቅት ነው የቆየው፣ የበሬው መሸጥ ግን ዓመታት ይቆያል፣ አንዳንዴም ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለኔ የገጠር ድህነት ዋናው በር ይሄ ነው፣ የጥሪት ማለቅ።

እርዳታውስ የት ነበር? እዚህ ጋ ነው የድሮው አሰራር ስህተቱ። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ጥናት ይወጣል፣ ጥሪ ይደረጋል፣ ለጋሾች ቃል ይገባሉ፣ እህሉ ባህር አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዛ በመኪና፣ ከዛ በአህያ። ወራት ነው የሚፈጀው። ሰው በረሃብ ሊሞት ሲል ይደርሳል እንጂ በሬው ሊሸጥ ሲል አይደርስም። የሰው ህይወት አትርፎ የሰውን መተዳደሪያ ግን አላተረፈም፣ እና በቀጣዩ ዓመት ያው ቤት እንደገና ተረጂ ሆኖ ይቆጠራል፣ አስር ዓመት።

ሴፍቲኔት 1997 ላይ ሲጀመር ሃሳቡ ይሄን መስበር ነው። በየዓመቱ ምግብ እንደሚያጥራቸው አስቀድሞ ለሚታወቁ ሰዎች ድርቁን ሳይጠብቁ በየዓመቱ በወቅቱ የሚሰጥ ነገር ይኑር፣ ለብዙ ዓመት አስቀድሞ በጀት ይያዝለት፣ መስራት የሚችለው ሰርቶ ያግኝ፣ የማይችለው ማለት ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛ፣ በሽተኛ በቀጥታ ድጋፍ ያግኝ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን በሁለተኛው ደግሞ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባበት፣ መጀመሪያ ትግራይ አማራ ኦሮሚያና ደቡብ ላይ፣ በኋላ አፋርና ሶማሌም ተጨመሩ። ገንዘቡ ዓለም ባንክ፣ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ የአውሮፓ ህብረትና ሌሎችም ተሰባስበው የሚያዋጡት ነበር። ስራው አብዛኛውን ከጥር እስከ ሰኔ ነው የእርሻውን ጊዜ እንዳይሻማ፣ እርከን ይሰራል፣ ክትር ይከተራል፣ የተራቆተ ተራራ ከንክኪ ነጻ ይደረጋል፣ የገጠር መንገድ ይጠረጋል፣ ኩሬ ይቆፈራል። ነፍሰጡርና አራስ የሆነች ከስራው ወጥታ ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዞራለች። ማን ይግባ የሚለውን ህዝቡ ራሱ በየመንደሩ በኮሚቴ ይመርጣል፣ ምርጫው ላይ ዘመድ አዝማድ አይገባበትም ማለት አልችልም ግን በጥቅሉ ድሃው ማን እንደሆነ ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለም እና ከብዙ አገር ፕሮግራም የተሻለ ድሃውን ያገኘ ነው።

ሂሳቡን አብረን እንስራው ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ሂሳብ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፣ ሁለቱ እኩል ናቸው ተብሎ ነው የተተመነው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። ያ የወሎው ቤት አምስት ነፍስ ስለሆነ በወር 25 ቀን፣ ባልና ሚስት ተከፋፍለው ይሰሩታል፣ በብር 150 በእህል 75 ኪሎ። ለስድስት ወር 900 ብር። ትንሽ ነው? አዎ ትንሽ ነው፣ በዚህ ሀብታም የሚሆን ሰው የለም። ግን 75 ኪሎ በወር ማለት በጉ ዘንድሮ አይሸጥም ማለት ነው፣ በጉ ካልተሸጠ ወረፋው በሬው ጋ አይደርስም። ክፍያው የታሰበው ቤቱን ከፍ ለማድረግ ሳይሆን እንዳይወርድ ለመያዝ ነው፣ ይሄን ያልገባው ሰው ነው በ6 ብር ማን ተለወጠ እያለ የሚከራከረው።

ከዛ 2000 ዓ.ም መጣ። የዛን ዓመት የኑሮ ውድነት ማንም አይረሳውም፣ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ60 ፐርሰንት በላይ ያለፈበት ጊዜ ነበር፣ እህልማ ከዛም ባሰ። ክፍያው ከ6 ወደ 8 ብር ከፍ አለ በኋላም ወደ 10፣ ግን በ8 ብር 3 ኪሎ በቆሎ መግዛት ህልም ሆነ፣ ግማሹን ማግኘትም የሚቸግርበት ገበያ ነበር። ያው 25 ቀን ነው የሚሰሩት፣ ያው ድንጋይ ነው የሚሸከሙት፣ ወደ ቤት የሚገባው ግን በግማሽ ቀነሰ። በዛ ጊዜ ገበሬው ምን አለ መሰላችሁ፣ ብሩን ተዉትና እህሉን ስጡን። ከተማ ያለ ባለሙያ ደግሞ ብር ይሻላል ገበያውን ያነቃቃል ይላል፣ እሱም ትክክል ነው ዋጋ ሲረጋጋ፣ ግን ዋጋ በየሳምንቱ በሚጨምርበት አገር ብር መያዝ የዋጋውን አደጋ በሙሉ ድሃው ትከሻ ላይ መጣል ነው። እህል የወሰደው ቤት ከሞላ ጎደል ዋጋው ተጠብቆለታል፣ ብር የወሰደው ግን በግ ወደ መሸጥ ተመለሰ። የክፍያው መጠን ከእህል ዋጋ ጋር በራሱ እንዲወጣና እንዲወርድ ቢታሰር ኖሮ ይሄ አይሆንም ነበር። ወጪው ይከብዳል ይባላል፣ ገብቶኛል፣ ግን ያኔ ወጪው አልቀረም እኮ፣ የቀረው ከመንግስትና ከለጋሽ ላይ ነው፣ የከፈለው ገበሬው ነው።

ሁለተኛው ችግር መዘግየት ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የነበረ ነው፣ የጥር ክፍያ መጋቢት ላይ፣ የመጋቢቱ ግንቦት ላይ። ምክንያቱ ክፋት አይደለም፣ የስራ ቀን መመዝገቢያው ከቀበሌ ወረዳ ይሄዳል፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል፣ መሃል ላይ አንድ አካውንታንት ስራ ይለቃል፣ ኮምፒውተር ይበላሻል፣ መኪና ነዳጅ የለውም ይባላል። ለቢሮው ሁለት ወር ዘገየ ማለት ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ናት። ለዛ ቤት ግን የሁለት ወር መዘግየት ማለት በግ ተሸጠ፣ አራጣ ተበደሩ ማለት ነው፣ ብሩ ሲመጣ ለዕዳ ይሄዳል እንጂ ለእህል አይደርስም። ከላይ እንዳልኩት የፕሮግራሙ መነሻ በወቅቱ መድረስ ነው፣ በወቅቱ ካልደረሰ ስሙ ተቀይሮ ያው የድሮው እርዳታ ነው። በኋላ ላይ በሞባይልና በባንክ መክፈል ሲጀመር በአንዳንድ ቦታ ተሻሽሏል፣ ኔትወርክ ባለበት።

ሶስተኛው ምረቃ የሚሉት ነገር ነው። ሰው ጥሪት አፍርቶ ራሱን ሲችል ከሴፍቲኔት ይመረቃል፣ ሃሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ምረቃው ኮታ ሲሆን ነው። በ2003 የወጣው የመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን እቅድ የተጠቃሚውን ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 1.3 ሚሊዮን አወርዳለሁ ብሎ ነበር። እቅድ ከላይ ሲወርድ ታች ያለው ካድሬና ባለሙያ ምን ያደርጋል፣ ቁጥሩን ያመጣል። ገና ሁለት ፍየል የገዛ ሰው ራሱን ችሏል ተብሎ በጭብጨባ ይመረቃል፣ ቀጣዩ ድርቅ ሲመጣ ፍየሎቹ ሄደው ሰውየው እንደገና ተሰልፏል። ከ2008 በኋላ የተጠቃሚው ቁጥር ተመልሶ ወደ 8 ሚሊዮን መጠጋቱ ራሱ ይናገራል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ብድር ነው። ሰው ጥሪት እንዲያፈራ ተብሎ ከብት፣ በግ፣ ዘመናዊ ቀፎ በብድር ይሰጥ ነበር። አስቡት፣ በጣም ድሃ የሆነ ሰው ነው፣ ቀፎው ንብ ሳይገባበት ቀረ ወይ በጓ በበሽታ ሞተች፣ ዕዳው ግን አልሞተም። ጥሪት ያፈራል የተባለው ሰው የነበረውን ሸጦ ብድር ይከፍላል። ብዙ ሰው ብድሩን ፈርቶ ከነጭራሹ አልወስድም ማለቱ ስንፍና ሳይሆን ማስተዋል ነው። ትግራይ ውስጥ በሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ላይ በሌላ መንገድ የተሞከረ አለ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ስድስት አገር ላይ ተጠንቶ በፈረንጅ 2015 የወጣ ነው። በጣም ድሃ ለሆኑት እንስሳ ተሰጣቸው፣ ስልጠና ተሰጣቸው፣ እየተመላለሰ የሚከታተላቸው ባለሙያ ተመደበ፣ መቆጠብም ነበረባቸው፣ በዛ ሁሉ ጊዜ ደግሞ የሴፍቲኔት ምግቡ አልተቋረጠም። ሁሉም ነገር ካበቃ ከዓመት በኋላ ተሂዶ ሲታይ ንብረታቸውም ፍጆታቸውም ካልተሰጣቸው ሰዎች የተሻለ ነበር። የኔ አስተያየት ዋናው ያ ያልተቋረጠው ምግብ ነው፣ የራበው ሰው በግ ቢሰጡት ይሸጣታል፣ ምን ያድርግ። ሆዱ የያዘ ሰው ግን በጓን እስክትወልድ ይጠብቃታል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጉድለት ተቆጥሮ ለውጥ አመጣ ወይ? በ1988 ከመቶ 45.5 የነበረው በድህነት ወለል ስር የሚኖር ሰው በ1997 ወደ 38.7፣ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ወደ 23.5 ወርዷል። ይሄን ሁሉ ያመጣው ሴፍቲኔት ነው ማለት ውሸት ነው፣ ዋናው ድርሻ የግብርናው ነው፣ መንገዱ፣ ማዳበሪያው፣ የእህል ዋጋ ለገበሬው መሻሻሉ። ዓለም ባንክ ያወጣው ስሌት የሴፍቲኔት ክፍያ ብቻውን የአገሪቱን የድህነት መጠን በ2 ፐርሰንት ነጥብ ቀንሷል ይላል፣ ይሄ ደግሞ ትንሽ አይደለም፣ ሚሊዮኖች ናቸው። ለኔ ግን ከዚህ በላይ የሚያሳምነኝ 2003 ነው። ያኔ በአፍሪካ ቀንድ ከባድ ድርቅ ነበር፣ ሶማሊያ ውስጥ ረሃብ በይፋ ታወጀ፣ እዚያ ጦርነትና መንግስት አልባነት እንዳለ አውቃለሁ ማወዳደሩ ሙሉ አይደለም። እኛ ጋ ግን አዲስ ጥሪ ተብሎ ከዜሮ አልተጀመረም፣ ለአደጋ ተብሎ ከተያዘው በጀት ተለቆ ለነባሮቹ 6.5 ሚሊዮን ሶስት ወር ተጨመረ፣ ሌላ 3.1 ሚሊዮን ሰው ደግሞ ለጊዜው ገባ። ዝርዝሩ ነበር፣ ኮሚቴው ነበር፣ መክፈያው ነበር። እርዳታው በሬው ሳይሸጥ መድረስ የሚችል መሆኑ የታየው ያኔ ነው።

ሰው ለክፍያው የሚሰራው ስራም ራሱ ለአካባቢው ትቶት የሚያልፈው ነገር አለው። ሰው ተራራውን ከልሎ ከብት ሳይገባበት ጥቂት ዓመት ሲቆይ ሳሩ ይመለሳል፣ ከስር ያለው ምንጭ ይጠነክራል፣ ሳሩን አጭደው ይካፈሉታል ለዛች አንዲት በሬ ድርቆሽ ይሆናል። ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም፣ ለሪፖርት ኪሎ ሜትር ለማሟላት ተሰርቶ በአንድ ክረምት ጎርፍ የጠረገው እርከንም ሞልቷል።

ሴፍቲኔት የማይነካው ነገር ደግሞ መሬት ነው። ሶስት ጥማድ ለሶስት ልጅ ሲካፈል አንድ አንድ ጥማድ ነው፣ በዛ ላይ በሬ ቢኖርም ቤት አይተዳደርም። ለወጣቱ ከእርሻ ውጭ የሆነ ስራ ካልተፈጠረ ያባቱን በሬ ማዳን እሱን አያድነውም። ከተማ ላይ ከ2009 ጀምሮ የከተማ ሴፍቲኔት ተብሎ በ11 ከተሞች ተጀምሯል፣ መንገድ ማጽዳት ከተማ ግብርና ምናምን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ አለ። ድርቅ በግ በበግ ነው የሚጨርሰው፣ ጦርነት ግን በሬውንም ጎተራውንም ቤቱንም በአንድ ሌሊት ነው የሚወስደው፣ ትግራይ ወሎ ጎንደር ላይ ያየነው ነው፣ መንገድ በተዘጋበት ክፍያም የለም መዝገብም የለም። ሰላም ከሌለ ከላይ የጻፍኩት ሂሳብ ሁሉ አይሰራም።

አሁን ላይ ነገሩ ከብዷል። በ2016 መጨረሻ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ትልቅ ድርሻ የነበረው የአሜሪካ የልማት ድርጅት ደግሞ በፈረንጅ 2025 ተዘጋ። ስለዚህ ገንዘቡ ማነሱ አይቀርም፣ ጥያቄው ያለው ምን ላይ ይዋል የሚለው ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ቀጭን አድርጎ ለሁሉም ከማዳረስ ቤት የሚያቆም መጠን በጣም ድሃ ለሆነው መስጠት ይሻላል፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ከአምስት ሰው ቤት ለሁለቱ ብቻ እየሰጡ ማንንም ሳይጠቅም የቀረበት ጊዜ ነበርና። ክፍያው በየዓመቱ ጥር ሳይገባ በየወረዳው ገበያ የእህል ዋጋ ይተመን፣ ዋጋ በተናወጠበት ዓመት እህል ራሱ ይሰጥ። ለእንስሳ የሚሆነው ብድር ቀርቶ ስጦታ ይሁን፣ ምግቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይቋረጥ። ምረቃን ወረዳው ራሱ ባይወስን፣ ሰውየው አንድ ክፉ ዓመት አልፎ በሬው ቤቱ ካለ ያኔ ይመረቅ። ከሁሉም በፊት ደግሞ መንግስት ከራሱ በጀት የሁለት ወር ክፍያ አስቀድሞ ወረዳ ላይ ያስቀምጥ፣ የለጋሽ ገንዘብ ቢዘገይ እንኳን የጥር ወር ክፍያ በጥር እንዲወጣ።